በጅጅጋና በሰሜኑ የሶማሌ ከተሞች ስለ ጽኑ ሕሙማን አያያዝ የተጻፉ ጥናቶች ሲመረመሩ

አብዲ ገሌና የሥራ ባልደረቦቹ እ. ኤ. አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት፣ በሶማሌ ክልል የሚገኙ 226 የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን ሕመሙ ከጀመራቸው ቀን አንሥቶ ወደ ሐኪም ቤት እስከ ደረሱበት ቀን ድረስ ያለፈው ጊዜ ተቈጥሯል። የመዘግየቱ መካከለኛ ቍጥር 60 ቀን ሲሆን፣ ከብታቸውን ተከትለው በሚዘዋወሩት ዘንድ 83 ቀን ይደርሳል። የመንገዱ ርቀትና የሐኪም ቤቶች ማነስ ሰውን እንዴት እንደሚጐዳ በቍጥር ያሳየ ስለ ሆነ፣ የዚህ ጥናት ጥቅም የሚካድ አይደለም። ነገር ግን እነዚሁ ተመራማሪዎች በተከታዩ ዓመት ከአርብቶ አደሮች ጋር ተነጋግረው የጻፉት ሁለተኛ ጥናት፣ ርእሱ የሚጀምረው «እንቅፋቶች» ከሚለው ቃል ነው። ሊመረመር የሚገባውም ይኸው ቃል ነው።

እንቅፋት በተባለው መዝገብ ውስጥ ርቀትና የሕዝቡ እምነት ጐን ለጐን ይሰለፋሉ። ሁለቱ ግን አንድ ዐይነት ነገሮች አይደሉም። ርቀት ለሕመምተኛው አንዳች አይረባውም። እምነቱና ልማዱ ግን በእነዚያ 60 ቀኖች ውስጥ የሚያስታምሙት እነርሱ ናቸው፤ የግመል ወተት የሚያስመጣለት፣ ዋዳዱን ጠርቶ ቁርኣን የተነበበበትን ውሃ የሚያጠጣው፣ ሶማሌዎች «ቃራን» በሚሉት መዋጮ ዘመዶቹን አሰባስቦ የመድኃኒቱንና የመጓጓዣውን ገንዘብ የሚያስገኝለት ይኸው ልማድ ነው። ነቀርሳ በመድኃኒት የሚድን በሽታ ስለ ሆነ 83 ቀን ማለፉ ሕይወትን ሊያሳጣ እንደሚችል ግልጽ ነው። ሆኖም ቀኑን የቈጠረው መዝገብ በቀኑ ውስጥ የተደረገውን ሁሉ ባዶ አድርጎ አልፎታል።

ይህን ጉድለት ከሁሉ ይልቅ የተመለከተችው ሎረን ካሩት ናት። እ. ኤ. አ. በ2014 በወጣው ጽሑፏ፣ የግመል ወተት፣ አሞክሲሲሊንና ጸሎት በአንድ ቤት ውስጥ ሳይጣሉ እንደሚኖሩ አሳይታለች፤ ለጊዜው መጥቶ የሚሄደው የእርዳታ ሕክምናም ከሄደ በኋላ ሰዎች ስለ በሽታና ስለ መድኃኒት ባላቸው አስተሳሰብ ውስጥ ርዝራዡን ትቶ እንደሚቀር አስረድታለች። በ2021 ያሳተመችው መጽሐፍ ደግሞ የእርዳታውን ሥራ በእውነት የሚሸከሙት የአገሩ ተወላጆች መሆናቸውን ይተርካል። መጽሐፉ ጥሩ ነው፤ ባዕዱን እርዳታ ሰጪ ከመድረኩ መካከል አውርዶ የአገሩን ሰው በቦታው ማቆሙ ብቻ ሊያስመሰግነው ይበቃል። ይሁን እንጂ ዋናው ባለ ታሪክ ሠራተኛው ነው። አልጋው ላይ ያለው፣ ይልቁንም መድኃኒት ያለቀለት ሰው፣ ገና ጸሓፊውን እየጠበቀ ነው።

የቀደሙት ሊቃውንት ዘንድ የተገኘው ጉድለት ከዚህ የተለየ ነው። ሳይመን ሜሲንግ በ1958 ስለ ጐንደር ዛር፣ አይ. ኤም. ልዊስ በ1966 ስለ ሶማሌ ሴቶች «ሳር» ሲጽፉ፣ ሕመሙን የማኅበራዊ ኑሮ ቋንቋ አድርገው ተረጐሙት። በልዊስ ዘንድ የታመመችው ሴት በባሏ ላይ አቤቱታ የምታቀርብ ሴት ናት። ይህ ትርጓሜ ለዘመኑ ትልቅ ግኝት ነበር፤ ዳሩ ግን የሴቲቱ አካል እውነተኛ ሥቃይ ያለበት እንደ ሆነ ለዚያ የሚሆን ስፍራ አላስቀረም። ክሪስቲና ዛሮቭስኪ ስለ ስደት ተመላሾች በጻፈቻቸው ጥናቶች ደግሞ በተቃራኒው ወገን ያለውን አደጋ አመልክታለች፤ ይኸውም አገርና ሀብት የተነጠቀ ሰው ቍጣ ከውጭ በመጣ የበሽታ ስም ተሸፍኖ እንዳይቀር ነው።

ከእነዚህ ሁሉ ጥናቶች ውጭ የቀረው ዋናው ጉዳይ ስለ ጽኑ ሕመም የሚነገረው ቃል ነው። የካንሰር ሕመምተኛ የሆነች እናት ከልጇ ጋር በሐኪም ፊት ተቀምጣለች እንበል። ሐኪሙ የሶማሊኛ ቋንቋ የማያውቅ ከሆነ፣ «ይህ በሽታ አይድንም» ብሎ በአማርኛ ሲናገር፣ ልጁ «መድኃኒት ይሰጡሻል፤ የቀረውን አላህ ያውቃል» ብሎ ይተረጕመዋል። ሐኪሙ ይህን ቢያውቅ ልጁን ሐሰተኛ ይለው ይሆናል። ልጁ ግን ቃሉን አልጣለም፤ ወደ አጎቶቹና ወደ ታላላቆቹ ይዞት ይሄዳል፤ መቼና በማን አፍ እንደሚነገር የሚቈርጡት እነርሱ ናቸውና። የደጋው ሰው በዚህ ሊገረም አይገባውም ነበር። የሞት ወሬ የሰማ ሰው በመንገድ ያገኘውን ባለ መርዶ «እገሌ ሞተ» ብሎ አያስደነግጠውም፤ ዘመድና ጎረቤት ተጠርተው፣ ሽማግሌ ተመርጦ፣ ገና ሳይነጋ ቤቱ ድረስ ይኬዳል እንጂ። የራሱን መርዶ ሥርዓት ብሎ የሌላውን ድንቍርና ማለት የተመራማሪ ሚዛን አይደለም።

ነገሩ ግን በዚህ አያበቃም፤ ባህልን የሚያከብሩ ነን የሚሉት መመሪያዎች የሚሳሳቱትም እዚህ ላይ ነው። ወደ ሚኒሶታና ወደ ሌሎች አገሮች ስለ ተሰደዱ ሶማሌዎች ለሐኪሞች የተዘጋጁ የምክር ወረቀቶች አሉ። ሴትን ሴት ትመርምራት፣ የሶላት ሰዓት ይከበር፣ ክፉውን ወሬ ለቤተ ሰቡ እንጂ ለሕመምተኛው አትንገሩ የሚሉትን የመሳሰሉ ምክሮች በዝርዝር ይቀርባሉ። የመጨረሻው ምክር የልማዱን እኩሌታ ብቻ ይዟል። ሶማሌዎች «ዳርዳራን» የሚሉት ኑዛዜ አለና። ሟቹ ዕዳውን የሚናገረው፣ አደራውን የሚመልሰው፣ ልጆቹን የሚመክረው፣ ይቅር በሉኝ የሚለው በዚህ ጊዜ ነው። ሞቱን ያልተነገረው ሰው እንዴት ይናዘዛል? እናቲቱን ከድንጋጤ ለመጠበቅ የሚደብቀው ልማድና ዕዳዋን ሳትናገር እንዳትሄድ የሚሻው ልማድ ሁለቱም የዚያው አገር ልማዶች ናቸው፤ በአንድ ቤት ውስጥም ይጋጫሉ። የትኛው እንደሚቀድም በወረቀት ተጽፎ አይገኝም። የታመመችው ራስዋ ምን ያህል ማወቅ እንደምትወድና ማን እንዲነግራት እንደምትመርጥ ቀስ ተብሎ ሊጠየቅ ይገባል። አርተር ክላይንማንና ባልደረቦቹ በ1978 ሐኪሞች ሕመምተኛውን ስለ ሕመሙ ምን እንደሚያስብ እንዲጠይቁ የመከሩት ለዚህ ዐይነቱ ነገር ነበር፤ ምክራቸው በኋላ የልማድ ዝርዝር ሆኖ መቅረቱ የተማሪዎቻቸው ጥፋት ሳይሆን አይቀርም።

ለጅጅጋ ይህ የንድፈ ሐሳብ ክርክር ብቻ አይደለም። የጨረር ሕክምና ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ ውስጥ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ሲሰጥ፣ ከጅጅጋ አዲስ አበባ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነበረ፤ ከቶግ ወጃሌ ለሚነሣው ደግሞ ከዚያም ይርቃል። እንዲህ ያለውን ጕዞ በመዋጮ ገንዘብ የሚጀምር ቤተ ሰብ፣ ሕክምናው ለመዳን ነው ወይስ ሥቃይን ለማስታገሥ ብሎ ካልተነገረው፣ ግመሉን ሸጦ ሕመምተኛውን ከቤቱ ርቆ እንዲሞት ያደርገዋል። በሞት አፋፍ ያለ ሙስሊም የሚሻው ግን ያሲን እንዲነበብለት፣ ሸሃዳውን የሚያስታውሰው ሰው ከራስጌው እንዳይለይ፣ ፊቱም ወደ ቂብላ እንዲመለስ ነው። ይህ ሁሉ በቤቱ ያለ ወጪ ይገኛል፤ በሩቅ ከተማ አልጋ ላይ ግን በልመና ነው። ሆስፒስ ኢትዮጵያ ከ2003 ጀምሮ በአዲስ አበባ ሕሙማንን በየቤታቸው መጐብኘቱ፣ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴርም በ2016 የማስታገሻ ሕክምና መመሪያ ማውጣቱ መልካም ጅምር ነው። ነገር ግን ሶማሊኛ ተናጋሪ የሆነ አስታማሚ ምን ብሎ እንደሚጀምር ከአዲስ አበባ ልምድ ብቻ ሊማር አይችልም፤ ለዚህ የሚረዳው በካራማራ ሆስፒታልና በሺኒሌ፣ በአይሻ፣ በቀብሪ በያህ ቤቶች ውስጥ የሚነገረውን የሚያዳምጥ ጥናት ነው።

የአብዲ ገሌ ጥናት ሌላም ቍጥር አለው። ሕመምተኛው ሐኪም ዘንድ ከደረሰ በኋላ በሽታው እስኪታወቅ የሚያልፈው ጊዜ መካከለኛው 6 ቀን ነው። ከ60ው ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ስለ ሆነ አንባቢ ቶሎ ያልፈዋል። በእነዚያ 6 ቀኖች ውስጥ ማን ለማን ምን እንደ ተናገረ፣ በየትኛው ቋንቋ፣ በማንስ አስተርጓሚነት እንደ ሆነ በቍጥሩ ውስጥ አይነበብም።