«ግንባታ» ወይስ «ግጣሜ»? በሶፍትዌር ሙያ ስያሜዎች ላይ የቀረበ ሒስ

አዲስ ሙያ ወደ አንድ ቋንቋ ሲገባ ቃላቱን ይዞ ይገባል። ተቀባዩ ቋንቋም ወይ የባዕዱን ቃል በድምፁ ይወስዳል፣ ወይ ከራሱ ጎተራ አቻ ይፈልግለታል። ሁለቱም መንገዶች በአማርኛ የቆየ ታሪክ አላቸው፤ ሁለቱም በየቦታቸው ትክክል ናቸው። ጉዳት የሚመጣው የተመረጠው አቻ የሙያውን ፅንሰ ሐሳብ ትቶ የባዕዱን ቃል ተራ ፍቺ ብቻ ሲከተል ነው። በዚህ ጽሑፍ በሶፍትዌር ሙያ «አጃይል» ለሚባለው አሠራርና አሠራሩ ለተደገፈባቸው አውቶማቲክ መሣሪያዎች በአማርኛ ከሚሰጡት ስያሜዎች አራቱን እንመረምራለን፤ እነርሱም «ቀልጣፋ»፣ «ግንባታ»፣ «ራስ ሰር» እና «ቀጣይነት ያለው ውህደት» ናቸው።

በቅድሚያ ነገሩ ራሱ ምን እንደ ሆነ ማስቀመጥ ይገባል። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2001 17 የሶፍትዌር ባለሙያዎች በአሜሪካ፣ በዩታ ግዛት፣ ስኖውበርድ በተባለ ስፍራ ተሰብስበው አራት ነጥቦች ያሉት መግለጫ አወጡ። ከዚያ ቀደም ይከተሏቸው የነበሩት ዘዴዎች በጥቅሉ «ክብደት የሌላቸው» በሚል ትርጉም ይጠሩ ነበር፤ ይህን ስም ስላልወደዱት «አጃይል» የሚለውን መረጡ። በመግለጫቸውም ሰዎችንና የእርስ በርስ ግንኙነታቸውን ከሥርዓትና ከመሣሪያ፣ የሚሠራ ሶፍትዌርን ከተሟላ ሰነድ፣ ከደንበኛ ጋር መተባበርን ከውል ድርድር፣ ለለውጥ ምላሽ መስጠትን ዕቅድን ከመከተል አብልጠው እንደሚያዩ ገለጹ።

እዚህ ላይ ተርጓሚ የሚሰናከልበት የመጀመሪያው ድንጋይ ስም ሳይሆን መስተዋድድ ነው። «ከውል ድርድር ይልቅ ትብብር» ቢባል፣ የአማርኛው «ከ… ይልቅ» ማበላለጥን ብቻ ሳይሆን መተካትንም ያመለክታልና፣ አንባቢው ውል ቀርቷል ብሎ ሊረዳው ይችላል። መግለጫው ግን በመጨረሻው ላይ ኋላ የተጠቀሱትም ዋጋ እንዳላቸው በግልጽ ይናገራል። ስለሆነም «አብልጦ» የሚለው ግሥ ከ«ይልቅ» የተሻለ ነው፤ «አብልጦ» የሚያበልጠውን ከፍ ሲያደርግ የሚበለጠውን አይጥልም።

ወደ «ቀልጣፋ» እንለፍ። ቃሉ በአማርኛ ጥሩ ቃል ነው፤ ነገር ግን በዛሬው አነጋገር ከ«ቀልጣፋ አገልግሎት» ተለይቶ አይሰማም። ቀልጣፋ ማለት ቶሎ የሚጨርስ ማለት ሆኗል። የአጃይል መሠረተ ሐሳብ ግን ቶሎ መጨረስ ሳይሆን በአጭር በአጭሩ እየሠሩ፣ ለባለጉዳዩ እያሳዩ፣ የተሳተውን ጊዜ ሳይወስዱ ማረም ነው። አማርኛ ለሁለቱ ነገሮች ሁለት ተረት አለው። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ለዚህ አሠራር ይቀርባል፤ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚለው ደግሞ «ቀልጣፋ» ተብሎ የተነገረው ኃላፊ ባለሙያዎቹን በጥድፊያ ሲያስጨንቅ የሚደርሰውን ይገልጻል። ስለዚህ «አጃይል» የእንቅስቃሴው መጠሪያ ስም እንደ መሆኑ በድምፁ ይወሰድ፤ ፍች ሲያስፈልግ «በአጭር ዙር የሚታረም አሠራር» ይባል። «ዙር» ቋንቋው ያለው፣ ሕዝቡም የሚያውቀው ቃል ነው።

የዚህ ሒስ ዋና ጉዳይ ግን «ግንባታ» ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 በቤል ላቦራቶሪ ይሠራ የነበረው ስቱዋርት ፌልድማን «ሜክ» የተባለውን መሣሪያ ሠራ። መነሻው አንድ የሥራ ባልደረባው ስሕተቱ አስቀድሞ በታረመ ፕሮግራም ላይ ስሕተት ሲፈልግ ግማሽ ቀን ማባከኑ ነበር፤ የታረመው ፋይል እንደገና ሳይጠናቀር ቀርቶ አሮጌው ክፍል ከአዲሶቹ ጋር ተሰክቶ ኖሯል። ሜክ የትኛው ክፍል በየትኛው ላይ እንደሚመረኮዝ ከተጻፈለት መመሪያ ያነባል፤ የፋይሎቹን የለውጥ ጊዜ ያነጻጽራል፤ መታደስ ያለበትን ብቻ ያድሳል። እ.ኤ.አ. በ2000 «አንት»፣ በ2004 የመጀመሪያው «ሜቨን» ተከተሉ። «ሜቨን» ከዕብራይስጥ ወደ ዪዲሽ፣ ከዚያ ወደ እንግሊዝኛ የተሻገረ ሲሆን «ዐዋቂ» ማለት ነው፤ ሥሩም ከግእዙ «በየነ» ጋር ዘመድ ነው። ይሁን እንጂ የመሣሪያ ስም የተጸውዖ ስም ስለሆነ አይተረጐምም።

እነዚህ መሣሪያዎች የሚሠሩትን ሥራ እንግሊዝኛ ከቤት ሥራ በተዋሰው ግሥ ይጠራዋል። አማርኛው ይህን ተከትሎ «ግንባታ» ሲል ግን የተዋሰው ሌላ ዓለም ነው። ግንባታ በእኛ ዘንድ መሠረት ተቈፍሮ፣ ግድግዳ ቆሞ፣ ጣሪያ ተመትቶ፣ በመጨረሻ በርክክብ የሚዘጋ፣ አንድ ጊዜ የሚደረግና ብዙ ዘመን የሚፈጅ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣው ሁለተኛ እትሙ ኬንት ቤክ በ«ኤክስትሪም ፕሮግራሚንግ» መጽሐፉ መላው ሥርዓት በ10 ደቂቃ ውስጥ ተሠርቶ መፈተን እንዳለበት ይመክራል። «የ10 ደቂቃ ግንባታ» ለአማርኛ ጆሮ ቀልድ ነው። ከዚህ የከፋው ደግሞ የመሣሪያው ሥራ ሳይሳካ ሲቀር ነው። «ግንባታው ፈረሰ» የተባለ ደንበኛ ገንዘቡ ከነሕንጻው እንደ ወደመ ያስባል፤ እንደ እውነቱ ግን አንድም የጠፋ ነገር የለም፤ የትናንቱ ደኅና ሥራ በቦታው አለ፤ የዛሬው ክፍል ብቻ ከሌሎቹ ጋር አልሄደም። ቃሉ በውል ውስጥ ሲገባ ጉዳቱ የቃል ብቻ መሆኑ ይቀራል፤ «ግንባታ» የሚል ውል የሚያነብ ሰው መጨረሻ ላይ አንድ ርክክብ ይጠብቃልና፣ በየሳምንቱ እየታየ ሊታረም የሚገባው ሥራ እስከ መጨረሻው ቀን ሳይታይ ይቀመጣል።

ይህ ቦታ የሚገባው ግሥ «ገጣጠመ» ነው። መኪና መገጣጠሚያ፣ ገጣጣሚ ባለሙያ የሚሉት ከሙያ ቤት የወጡ፣ ሁሉም የሚያውቃቸው አነጋገሮች ናቸው። እንግሊዝኛው በአንድ ቃል የሚያደባልቃቸውን ሦስት ነገሮችም አማርኛ ይለያቸዋል። ድርጊቱ «መገጣጠም»፣ መሣሪያው «መገጣጠሚያ»፣ ውጤቱ «ግጣሜ» ይባላሉ። «ግጣሜ» በ«ፍጻሜ»ና በ«ስያሜ» አምሳል የተቀረጸ በመሆኑ ለቋንቋው እንግዳ አይደለም፤ ከ«ግጥም» እና ከ«ግጥሚያ»ም በቅርጹ ይለያል። ፈተናውም በዓረፍተ ነገር ውስጥ ነው። «214ኛው ግጣሜ አልገጠመም» ቢባል፣ ሙያውን የማያውቅ አንባቢ እንኳ ክፍሎቹ እንዳልተስማሙ፣ ግን ምንም እንዳልፈረሰ ይረዳል።

«ግንባታ ለምዷል፤ አሁን መንቀል አይቻልም» የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ነገር ግን ለሰፊው ሥራ፣ ማለትም ሶፍትዌርን ከሐሳብ እስከ አገልግሎት ለማድረስ፣ «ማበልጸግ» እየተለመደ መጥቷል፤ ለቋንቋ ተርጓሚው ፕሮግራም ሥራም «ማጠናቀር» አለ። በሁለቱ መካከል ያለው፣ ማጠናቀርን እንደ አንድ ክፍሉ የያዘውና ፈተናን የሚጨምረው እርምጃ ግን ገና የራሱን ስም ይጠብቃል።

«ራስ ሰር» በአፈጣጠሩ «ራስ ገዝ»ን ይመስላልና ከሰዋስው አንጻር ነቀፋው ጥቂት ነው፤ ከ«ሠራ» የወጣ ስለሆነ በንጉሡ «ሠ» ቢጻፍ ይሻላል። ሆኖም ሁለት ነገሮችን ያደባልቃል። በራሱ ፈቃድ የሚሠራ ሌላ ነው፤ ሰው መመሪያ ጽፎለት ያለ ሰው እጅ እንዲሠራ የተደረገ ሌላ ነው። የመገጣጠሚያ መሣሪያ ከሁለተኛው ወገን ነው፤ የተሳሳተ መመሪያ ከተጻፈለት ስሕተቱን በታማኝነት ይደጋግማል። ይህ ልዩነት ተጠያቂነትን ስለሚነካ ቀላል አይደለም። ለዚህ አገልግሎት በአማርኛ ከቆየው «አውቶማቲክ» መራቅ አያስፈልግም፤ «ራስ ሠር» ለመጀመሪያው ዓይነት ይቈይ።

የመጨረሻው «ቀጣይነት ያለው ውህደት» ነው። ነገሩ እያንዳንዱ ሠራተኛ የሠራውን ክፍል ቢያንስ በቀን አንድ ጊዜ ወደ ጋራው ግንድ አምጥቶ ከሌሎቹ ጋር ማጣመሩና ጥምረቱ በአውቶማቲክ ግጣሜና ፈተና መረጋገጡ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 «ሃድሰን» ከሚለው ስሙ ወደ «ጄንኪንስ» የተለወጠው መሣሪያ ለዚህ የሚያገለግል ነው። «ቀጣይነት ያለው» ግን ዘላቂነትን እንጂ ዕለታዊ ድግግሞሽን አያሰማም፤ «ውህደት»ም የማይለያይ ነገርን ያመለክታል፤ እዚህ ግን ያልተስማማ ክፍል ተመልሶ ይወጣል። ለዚህ የገበሬው ቋንቋ ቀድሞናል። አንድ አንድ በሬ ያላቸው ሁለት ገበሬዎች መቀናጆ ሲገቡ በሬዎቹ በአንድ ቀንበር ይጠመዳሉ፤ ሲመሽ ይፈታሉ፤ የማን እንደ ሆኑም አይጠፋም። ስለዚህ «የዘወትር ማቀናጀት» የተሻለ ነው። «ቅንጅት» ከ1997 ዓ.ም. ምርጫ ወዲህ የፖለቲካ ድምፅ ስላለው፣ በስሙ ፋንታ ንዑስ አንቀጹን «ማቀናጀት»ን መርጠናል።

ከዚህ የሚወጣው የአሠራር ደንብ አጭር ነው። የሙያ ቃል ለመዝገበ ቃላት ከመቅረቡ በፊት ሥራው ሲሳካም፣ ሲሰናከልም፣ በውል ላይ ሲጻፍም በሚነገርበት ዓረፍተ ነገር ውስጥ ይፈተን። «ግንባታ» በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ያልፋል፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው ይወድቃል። «ግጣሜ» ሦስቱንም ያልፋል ብለን እናምናለን፤ የተሻለ የሚያመጣ ተርጓሚ ካለም በዚሁ ሚዛን መዝኖ ያምጣው።