«ከላ ጋር» የቆመው ማን ነው?

ባለፈው ጊዜ ከእጅ ወደ እጅ በዞረው ጽሑፋችን «ስንብት» የሚል ግጥም ወጥቶ እንደነበር አንባብያን ታስታውሳላችሁ። ግጥሙ ብዙ ሰው ነክቷል፤ እኛንም ነክቶናል። ስለ ስሜቱ ብዙ ስለ ተባለ እዚያ ላይ አንቆይም። ክርክራችን በአንዲት ቃል ነው። ገጣሚው መጀመሪያ «ከለገሃር ቆሜ ባቡር ስጠባበቅ» ብሎ ጽፎ ነበር። ቆይቶ ግን እዚህ ጅቡቲ ከተማ ፈረንሳይኛ የተማሩ ወዳጆቹ «ለገሃር የሚባል ቃል የለም፤ ላ ለብቻ፣ ጋር ለብቻ ነው» አሉትና «ከላ ጋር ቆሜ» ብሎ አረመው። እርማቱን አንቀበልም።

በመጀመሪያ ነገር ቤቱ ፈረሰ። የወል ቤት በስድስት ስድስት ቀለም የሚሄድ ነው። «ከ-ለ-ገ-ሃር-ቆ-ሜ» ስድስት ይሞላል፤ «ከ-ላ-ጋር-ቆ-ሜ» ግን አምስት ሆኖ ያነክሳል። የሚብሰው ደግሞ ትርጉሙ ነው። አማርኛ «ጋር» የሚል የራሱ ቃል አለው፤ እሱም ብቻውን የማይቆም፣ ከቀደመው ስም ላይ የሚደገፍ ነው። እንግዲህ «ከላ ጋር ቆሜ» ማለት ላ ከምትባል ሴት ጋር ቆሜ ማለት ሆነ። በንባቡ ማታ ከኋላ ሆነው የሳቁት ልጆች ምን አጠፉ?

ለመሆኑ ቃሉ እንዴት አማርኛ ሆነ? ሐዲዱ የተነሣው ከዚሁ ከጅቡቲ ነው። ሥራው በ1897 እ.ኤ.አ. ተጀምሮ በ1902 ድሬ ዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። የጣቢያውም ስም አብሮ ወጣ። በፈረንሳይኛ ጣቢያው «ጋር» ነው፤ «ላ» ከሴቴ ስም በፊት የምትገባ፣ ድምፅ የማይጫንባት፣ የራሷ ትንፋሽ የሌላት ቃል ናት። ፈረንሳዊው ሁለቱን ባንድ ትንፋሽ ይላቸዋል። የኛ ሰው የተጻፈ አላየም፤ የሰማው አንድ ነው፤ አንድ አድርጎ ያዘው። ይህን መሃይምነት የሚሉ ወደ ሌላውም ዓለም ይመልከቱ። የሄይቲ ሰዎች ውሃን «ድሎ» ይሉታል፤ ፈረንሳዮች «ደ ሎ» ሲሉ ሰምተው እንዳለ የዋጡት ነው። እኛስ አልኮል ስንል «አል» ያችው የዐረብኛዋ ደካማ ቃል አይደለችም? የቀረው «ኮል» ሴቶቻችን ከሚኳሉት ኩል ጋር አንድ ሥር ነው። «አል ለብቻዋ ትጻፍልኝ» ያለ ጠጪ ግን እስከ ዛሬ አልገጠመንም።

አንድ ቃል ነው ወይስ ሁለት ለሚለው ፈተና አለው። ደካማ ቃል የሚይዘው ጌታውን ሳይሆን ጎረቤቱን ነው። «ለልጁ» ብለን «ትንሹ»ን ብናስገባ «ለትንሹ ልጅ» እንላለን፤ «ለ» ልጁን ለቅቃ ከፊት ባገኘችው በ«ትንሹ» ላይ ትለጠፋለች። ፈረንሳዊውም «ትንሿ ጣቢያ» ለማለት «ላ ፕቲት ጋር» ሲል «ላ» ከ«ጋር» ተለይታ ትሄዳለች። በአማርኛ ግን «አሮጌው ለገሃር» እንላለን እንጂ «ለአሮጌው ገሃር» ያለ ሰው አለ? እንዲያውም «ለለገሃር ልጆች» ስንል ሁለት «ለ» ተከታትለው ማንንም አያደናቅፉም፤ የፊተኛይቱ ሥራ ላይ ናት፣ የኋለኛይቱ ከስሙ ጋር ሥጋ ሆናለች። (ለገዳዲንና ለገጣፎን ከዚህ የሚያዛምድ አይጠፋም። የነሱ «ለገ» ወንዝ ማለት የሆነ የኦሮምኛ ቃል ነው፤ ዝምድና የለውም።)

ፈረንሳይኛ መማር መልካም ነው፤ እዚህ አገር ለሥራም ለወረቀትም ያስፈልጋል። ነገር ግን ትናንት የተማርነው ቋንቋ እናቶቻችን ያፉትን ቃል እንዲያርም ሥልጣን የሰጠው ማን ነው? ከቤቱ የወጣ ሰው ይዞት የሚወጣው ዕቃ ጥቂት ነው፤ የሰፈሩ ስም አንዱ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ለገሃርን አያውቀውም፤ ከለቡ ተነሥቶ እዚህ ናጋድ ይገባል። ሰው ግን ዛሬም ታክሲ ሲሳፈር «ለገሃር» ይላል። ገጣሚያችን የተሰናበተው እዚያ ነው እንጂ «ላ ጋር» በሚባል ቦታ አይደለም።

ጆሮውን ሲያምን ግን ምን እንደሚችል የመጨረሻው ስንኝ ያሳያል፤ «ዕቃውም ደረሰ፣ ሰዉም ገባ፣ እኔስ?» ሁለት ጊዜ «ም» አስለመደንና ሦስተኛውን «እኔም» ብለን ስንጠብቅ «ስ» መጣች። ብቻዋን ብትጻፍ ምንም የማትል ፊደል ግጥሙን በሙሉ ተሸክማዋለች። አንባቢው ግን ያን ማታ «እኔ» ብሎ ቆመና «ስ»ን ለይቶ ረገጣት፤ እኛም ሰማን፤ ቅር አለን። ጉልበቱ የሚያርፈው «እኔ» ላይ ነው፤ «ስ» በዚያው ትንፋሽ ተከትላ ትወጣለች። በሚመጣው ንባብ እንዲያ ይነበብልን፤ ለገሃርም ወደ ቦታው ይመለስ።