ዘይትና ሰናፍጭ፤ ስለ ሰላጣ ማጣፈጫ ጥቂት አሳብ

በጣና ባሕር ምዕራባዊ ዳርቻ፣ በጣቁሳ ወረዳ ርእሰ ከተማ በደልጊ፣ ከባሕር ዳር ወደ ጎርጎራ የሚያልፈው ጀልባ መንገደኛ በሚያራግፍበት ወደብ አጠገብ ምግብ አብስሎ ማቅረብን ሥራዬ አድርጌ የያዝሁ ሴት እንደ መሆኔ፣ በየዓመቱ ዓቢይ ጾም ሊፈታ ሲቃረብ የማየው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም 55 ቀን ሙሉ ከሥጋና ከቅቤ፣ ከወተትና ከዕንቁላል ተከልክሎ የሰነበተው ጿሚ፣ ሰውነቱ ይቀልለታል ተብሎ ሲጠበቅ፣ ለፋሲካ ያስቀመጠው ልብስ አልገባ ብሎት መገኘቱ ነው።

ቤተ ክርስቲያናችን ጾምን የደነገገችው ፈቃደ ሥጋን ለነፍስ ለማስገዛት እንጂ ወገብን ለማቅጠን ስላልሆነ፣ በዚህ ነገር ሥርዓተ ጾሙን የሚነቅፍ ሰው አይኑር። ነገር ግን ምእመናን ሁሉ የሚጾሟቸው ቀናት ተደምረው በዓመት 180 ያህል እንደሚደርሱ የሚያስብ ሰው፣ የዓመቱ እኩሌታ የሚያልፍበት ገበታ እንዴት እንደሚሰናዳ ቢጠይቅ የተገባ ነው። ቅቤው ቢቀር ዘይቱ በቦታው ገብቶአል፤ ጥብቅ ጿሚዎች በሰሙነ ሕማማት ዘይቱንም ጭምር መተዋቸው፣ ዘይት ምን ያህል ድሎት እንደ ሆነ ስለሚያውቁ ይመስለኛል። በወጥ ውስጥ የገባው ዘይት ከላይ ተንሳፍፎ ለዓይን ይታያልና ጥቂት ያስፈራል፤ በሰላጣ ላይ የፈሰሰው ግን በቅጠሉ ሥር ተሸሽጎ፣ «አትክልት ነው የበላሁት» የሚያሰኝ የጽድቅ ልብስ ለብሶ ይገባል።

አኃዙን እንመልከት። የሥነ ምግብ ሊቃውንት እንደሚያስተምሩት አንድ ግራም ስብ 9 ካሎሪ፣ አንድ ግራም ስኳር ወይም ፕሮቲን ደግሞ 4 ካሎሪ ይሰጣል፤ ስለዚህ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ከኑግም ይጨመቅ ከሰሊጥ፣ 120 ካሎሪ ያህል ነው። የወይራ ዘይት ለልብ ይበጃል ሲባል ሰምተው እንደ ጠበል የሚያፈስሱት ሰዎች አሉ፤ ለልብ መበጀቱ እውነት ቢሆንም፣ በካሎሪ ረገድ ከወንድሞቹ ከሌሎቹ ዘይቶች የሚለይበት ነገር የለም። በ300 ግራም ቲማቲም ውስጥ ያለው ሁሉ 55 ካሎሪ ገደማ ሲሆን፣ አብሳዩ ጠርሙሱን ዘንበል አድርጎ ሦስት የሾርባ ማንኪያ የሚያህል ቢያፈስበት 360 ካሎሪ ይጨምርበታል፤ በላተኛውም ቲማቲም በላሁ ሲል በአብዛኛው የበላው ዘይት ነው።

ከቁንዝላ በጀልባ የሚመላለሱ፣ በዕድሜ የገፉ አንድ ነጋዴ ደንበኛ አሉኝ፤ ሐኪም ክብደት ይቀንሱ ብሎአቸው ከጥብስ ወደ ሰላጣ ተመልሰው ነበር፤ ታዲያ በመጡ ቁጥር «ዘይት ጨምሪበት እንጂ!» ማለታቸውን አልተዉም።

«ልጄ፣ ሥጋውን ትቼ ቅጠሉን ያዝሁ፤ ሆዴ ግን አልሰማም አለኝ» አሉኝ አንድ ቀን።

«ጋሼ፣ ቅጠሉ ምን በደለ? እስቲ ሳህኑን ዘንበል ያድርጉልኝ» አልኋቸው።

ዘይቱ ወደ አንድ ወገን ተጠራቅሞ ሲያዩ ጥቂት ዝም ብለው፣ «ታዲያ ያለ ዘይት ምኑ ይበላል?» አሉ።

ጥያቄያቸው የሚናቅ አይደለም። ዘይት በሰላጣ ላይ የሚያገለግለው አገልግሎት ብዙ ነው፤ የነጭ ሽንኩርቱንና የቃሪያውን መዓዛ ይሸከማል፤ ማጣፈጫው ከቅጠሉ ተንሸራትቶ ከሳህኑ ግርጌ እንዳይወርድ ያጣብቃል፤ የሎሚውን ስለት ያለዝባል። ከዚህም በቀር በቲማቲም፣ በካሮትና በጎመን ውስጥ ያሉ፣ በስብ እንጂ በውሃ የማይሟሙ ንጥረ ነገሮች ወደ ሰውነት የሚዋሐዱት ጥቂት ስብ ሲያገኙ ነውና፣ ዘይትን ጨርሶ ከሰላጣ ማገድ እኔ የማልስማማበት ምክር ነው። ይሁን እንጂ መዓዛውን ለመሸከም አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ይኸውም 40 ካሎሪ ያህል፣ ለአንድ ሰው ከበቂ በላይ ነው፤ ማጣበቁንና ማለዘቡን ግን ሌሎች ሊሠሩት ይችላሉ፤ የማጣፈጫ ጥበብም እነዚህን ሌሎች ሠራተኞች ማወቅ ነው።

ይህ ሁሉ ከመሆኑ በፊት ግን ያች አንዲት የሻይ ማንኪያ ምን ዘይት እንደ ሆነች መምረጥ ያስፈልጋል። ኑግ ከ1,600 እስከ 2,200 ሜትር ባለው ከፍታ የሚስማማው፣ መነሻውም ኢትዮጵያ የሆነ አዝመራ ነው፤ ጣናም 1,800 ሜትር ገደማ ላይ የተኛ ስለ ሆነ፣ ክረምቱ ወጥቶ መስኩ በኑግ አበባ ቢጫ ሲለብስ ማየት ለዚህ አገር ሰው እንግዳ አይደለም። የኑግ ዘይት የራሱ የሆነ፣ የተቆላ ፍሬ የሚመስል መዓዛ ስላለው ጥቂቱ ብዙ ይናገራል፤ መዓዛ የሌለውን ዘይት የሚያፈስስ ሰው ጣዕም ፍለጋ ይጨምራል፣ ይጨምራል፣ አያገኝም። ነገር ግን የኑግ ዘይት ብርሃንና ሙቀት ሲያገኘው ቶሎ ስለሚበላሽ፣ ጥቂት በጥቂት ገዝቶ በጨለማ ቦታ ማኖር ይገባል። ከባሕር ማዶ የሚመጣው የሚረጋው የፓልም ዘይት እኩሌታው ያህል ለደም ሥር የማይበጅ ስብ ከመሆኑም በላይ፣ በቀዝቃዛ ቅጠል ላይ ረግቶ ምላስን ስለሚለብስ፣ በሰላጣ ላይ ሊገባ አይገባውም።

አሁን ወደ ሰናፍጭ ልምጣ፤ እውነቱን ለመናገር ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣኝ እርሱ ነው። በወንጌል ለመንግሥተ ሰማያት ምሳሌ የሆነችው ያች ታናሽ ቅንጣት፣ በጾም ገበታችን ላይ እንደ ተራ ማባያ ተቆጥራ በጎን ትቀመጣለች፤ የሰላጣ ማጣፈጫን የሚያውቅ ሰው ግን በመካከል ያስቀምጣታል። በፍሬዋ ውስጥ ሲኒግሪን የሚባል ንጥረ ነገርና ማይሮሲኔዝ የሚባል ኢንዛይም ተለያይተው ይኖራሉ፤ ፍሬዋ በሙቀጫ ስትደቅና ውሃ ስታገኝ ሁለቱ ይገናኛሉ፤ ከመገናኘታቸውም ወደ አፍንጫ ወጥቶ ዕንባ የሚያስመጣው ኃይል ይወለዳል። እናቶቻችን እነዚህን ስሞች ሳይሰሙ ሥራውን ያውቁት ነበር፤ ሰናፍጭ በፈላ ውሃ እንዳይለወስ ሲከለክሉ፣ ከለወሱትም በኋላ ከድነው ሲያኖሩት፣ ያ ኃይል እንዲወለድ ጊዜ መስጠታቸው ነበር። የፈላ ውሃ ኢንዛይሙን ይገድለዋል፤ ኢንዛይሙ ከሞተ መራራነት ብቻ ይቀራል። ሎሚም አስቀድሞ ከገባ ሥራውን ያዘገይበታል። ስለዚህ ሰናፍጩን በቀዝቃዛ ውሃ ለውሶ፣ ከድኖ፣ ሩብ ሰዓት ያህል መታገሥ፣ ሎሚውንና ጨውን ከዚያ በኋላ ማስገባት ነው። አንዲት የቤት ሠራተኛ ይህን ትዕግሥት ከተማረች የቀረው የሙያዬ ክፍል ሁሉ ቀላል ይሆንላታል።

ሰናፍጭ በጣዕሙ ብቻ አይደለም የሚጠቅመው። ዘይትና ሎሚ በባሕርያቸው የማይዋሐዱ ስለ ሆኑ፣ ለየብቻ ሲፈስሱ ዘይቱ ቅጠሉን ይለብሰዋል፣ ሎሚው ይንሸራተታል፣ በላተኛውም ኮምጣጣውን ስላጣው ሌላ ሎሚና ሌላ ዘይት ይጠይቃል። የተለወሰ አንድ የሻይ ማንኪያ ሰናፍጭ ሲገባ ግን፣ በዱቄቱ ውስጥ ያለው የሚያጣብቅ ባሕርይ ዘይቱን በደቂቅ ጠብታዎች ከፋፍሎ ከሎሚው ጋር ይይዘዋል፤ ማጣፈጫውም ወፈር ብሎ በቅጠሉ ላይ ይቆያል። በፈረንሳይ አገር የወጥ ቤት ልማድ ሦስት እጅ ዘይት ለአንድ እጅ አቼቶ ነው፤ እኔ ይህን ገልብጬ፣ ለአራት ሰው አንድ የሾርባ ማንኪያ የኑግ ዘይት፣ ለእርሱም ሦስት የሾርባ ማንኪያ ኮምጣጣ ፈሳሽ አደርጋለሁ፤ ለአንድ ሰው የሚደርሰው ዘይት 30 ካሎሪ ብቻ ይሆናል።

ሦስት ማንኪያ ሙሉ ሎሚ ጥርስን ያጥርሳል የሚል ሰው እውነት አለው፤ ለዚህም መድኃኒቱ ከቲማቲሙ ይገኛል። ቲማቲሙን ከትፎ ጥቂት ጨው ነስንሶ ቢተዉት፣ ጨው ውሃውን ስቦ ስለሚያወጣ፣ ጣፋጭነትም ኮምጣጣነትም ያለው ጭማቂ ከሥሩ ይጠራቀማል፤ ብዙ ሰው ይህን ይደፋዋል፣ እኔ ግን የማጣፈጫዬ እኩሌታ አደርገዋለሁ። ያ ጨው በዚያው ይበቃል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ሰው በቀን ከ5 ግራም ጨው እንዳይበልጥ ይመክራልና። ቀይ ሽንኩርቱን ደግሞ አስቀድሞ በሎሚ ማራስ ጭሰቱን ያበርድለታል። ሎሚው የዘጌ ቢሆን እመርጣለሁ፤ የዘጌ ሰዎች ከቡናውና ከጌሾው ጋር ሎሚን በታንኳ ጭነው መነገድን ከጥንት ያውቁበታል። ሎሚ ሲወደድ አቼቶም አይናቅ፤ ቦዔዝ ሩትን እንጀራዋን በሆምጣጤ እንድታጠቅስ የጋበዛት በመከር እርሻ ላይ ነበርና፣ ኮምጣጣ ማጥቀሻ የድካም ቀን መብል ሆኖ የኖረ ነው።

ተልባ ለዚህ ሥራ ያለውን ዋጋ ያወቀ ሰው ጥቂት ነው። ተቆልቶ የተፈጨ አንድ የሾርባ ማንኪያ ተልባ 40 ካሎሪ ያህል፣ ማለትም የዘይቱ ሲሶ ሲሆን፣ በግማሽ ስኒ ውሃ ተበጥብጦ ጥቂት ሲቆይ የሚያወጣው ልጋግ የዘይትን ልስላሴ ይተካል፤ ቅጠሉን ይለብሳል፣ ሎሚውንም ይይዛል። በተቆረጠ ጥቅል ጎመንና ካሮት ላይ ይስማማል፤ በለስላሳ የሰላጣ ቅጠል ላይ ግን ይከብዳል፣ አላደርገውም። ሱፍ ደግሞ ተወቅጦ በውሃ ተበጥብጦ በጨርቅ ሲጠለል ወተት የሚመስል ፈሳሽ ይሰጣል፤ በፍትፍት ብቻ ስናውቀው የኖርነው ይህ ሱፍ፣ ነጭ ሽንኩርትና ቃሪያ ገብቶበት በተቀቀለ ቀይ ሥር ላይ ሲፈስ፣ በሆቴል ከሚቀርበው ከማዮኔዙ ድብልቅ የሚበልጥ እንጂ የሚያንስ አይደለም። ስብ የለውም ማለቴ አይደለም፤ ነገር ግን ስቡ በብዙ ውሃ የተበረዘ ነው። በባቄላ ዱቄት፣ በሱፍና በሰናፍጭ ተብላልቶ የሚሠራው ስልጆም ቢሆን በውሃ ቀጠን ሲል ያለ አንዳች ዘይት ማጣፈጫ ይሆናል።

ከሁሉ በላይ ግን አዚፋን አስቀድማለሁ። ድፍን ምስር ተቀቅሎ ከፊሉ ሲደፈጠጥ ራሱ ማጣፈጫ ይሆናል፤ ከሰናፍጭ፣ ከሎሚና ከቃሪያ ጋር የተዋሐደ አዚፋ በሰላጣ ቅጠል ላይ ሲቀመጥ፣ ፕሮቲኑና አሠሩ ሆድን ስለሚያቆይ፣ በላተኛው ከሰዓት በኋላ ብስኩት ፍለጋ ወደ ሱቅ አይወጣም። ዳንኤልና ባልንጀሮቹ በባቢሎን ቤተ መንግሥት የንጉሡን መብል ትተው ጥራጥሬ ሲበሉ፣ ከ10 ቀን በኋላ ፊታቸው አምሮ የተገኘው በተአምር መሆኑን አምናለሁ፤ ቢሆንም የመረጡት መብል ክፉ አልነበረም።

በፍስክ ቀን ነገሩ ይቀላል። እርጎ በነጭ ሽንኩርትና በድንብላል ቅጠል ተመትቶ፣ ይልቁንም ቅቤው የወጣለት አሬራ፣ ማጣፈጫ ለመሆን የሚጎድለው ነገር የለም። በጠርሙስ ታሽጎ ስለሚሸጠው ብዙ አልናገርም፤ በጠርሙሱ ጀርባ የተጻፈው ዝርዝር የሚጀምረው ብዙ ሆኖ ከገባው ነውና፣ ከፊት ዘይት ወይም ስኳር የሚል ካገኛችሁ ለመወሰን ሌላ ምስክር አያሻችሁም።

ቅጠሉ በንጹሕ ውሃ ከታጠበ በኋላ በንጹሕ ጨርቅ ታብሶ ይድረቅ፤ እርጥብ ቅጠል ማጣፈጫን አይቀበልምና፣ አብሳዩ እንደ ገና ዘይት የሚጨምረው ስለዚህ ነው።

በባሕር ዳርና በዙሪያዋ ምግብ ቤት ላላችሁ የሙያ ባልንጀሮቼ አንድ ልመና አለኝ፤ ዘይቱን በሰላጣው ላይ አፍስሳችሁ አታቅርቡ። በትንሽ ሳህን ለብቻው፣ የሻይ ማንኪያ አብራችሁ አቅርቡለትና፣ ልኩን ያው የሚበላው ሰው ይወስን።