ማሽኑ ባሕር ዛፍን «ደን» ሲለን

ከየካ ወደ እንጦጦ ቀና ብላችሁ ስታዩ ተራራው አረንጓዴ ነው። ታዲያ ሁሉም ደን ነው?

በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ከቻይና የመጠቀችው የኢትዮጵያ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ-1 መቆጣጠሪያ ጣቢያዋ የተተከለው እዚሁ እንጦጦ ላይ ነው። የሳተላይት ምስልን ኮምፒውተር «ደን»፣ «እርሻ»፣ «ቤት» እያለ መለየት ይችላል። እንዴት? መጀመሪያ ሰዎች ለብዙ ናሙና ቦታዎች ስም ይሰጣሉ፤ ይህ የማሠልጠኛ ዳታ ይባላል። ማሽኑ ስሙን ከምስሉ ቀለም ጋር ማዛመድ ይለምዳል። ማሽን ለርኒንግ ከምንለው አንዱ መንገድ ይኸው ነው።

ትችቴም እዚህ ላይ ነው። «ሰው ሠራሽ አስተውሎት» የሚለው ስያሜ ማሽኑ ያስተዋለ ያስመስለዋል። እስቲ አስቡት፦ ስም ሰጪው አገር በቀሉን ጽድና በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከውጭ የመጣውን ባሕር ዛፍ ሁለቱንም «ደን» ካላቸው፣ ማሽኑ ልዩነቱን ከየት ያመጣዋል? ጽዱ ተቆርጦ ባሕር ዛፍ ቢተካም ካርታው «ደኑ አልተነካም» ይለናል። ፈተናው የሚታረመውም በዚያው ስም ስለሆነ፣ ማሽኑ ጥሩ ውጤት ያመጣል!

ስለዚህ «ይህን ያህል በመቶ ትክክል ነው» ሲሏችሁ ዝም ብላችሁ አትቀበሉ። «ስሙን ማን ሰጠው? ምንስ ተረሳ?» ብላችሁ ጠይቁ። ማስተዋሉ የእናንተ ሥራ ነው።