አፋፍ ላይ የቆመ ትዝታ፦ የጎንደር ኮረብቶች በጉዞ ጽሑፎቻችን

ስለ ጎንደርና ስለ ሰሜኑ ደጋ የሚጻፉ የትዝታና የጉዞ ጽሑፎች ከሚገባቸው በላይ ተሞግሰዋል። ናፍቆታቸው እውነተኛ መሆኑን አልክድም። ችግሩ ጸሐፊው የሚቆምበት ቦታ ነው። ልጅነቱን በቀሃ ዳርቻና በደብረ ብርሃን ሥላሴ ዙሪያ ሲሮጥ ያሳለፈ ሰው እንኳ ብዕር ሲያነሣ ጎሃ ኮረብታ ላይ ይወጣል፤ ወይም በደባርቅ መንገድ እስከ ኮሶዬ በመኪና ሄዶ አፋፉ ላይ ቆሞ ቁልቁል ይመለከታል። ከዚያ ወዲያ ጋራና ሸንተረሩ ሁሉ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ሥዕል ነው። ጉልበት የሚፈትን ዳገት፣ እግር የሚያንሸራትት ጭንጫ አይገኝበትም።

ይህ አቋቋም ምን እንደሚያስቀርብን የቁስቋም መንገድ በደንብ ያሳያል። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠሩት ግቢ ከሩቅ ሲያዩት አረንጓዴ ኮረብታና የፈረሰ ግንብ ነው። በእግር ሲወጡት ግን አረንጓዴው ሁለት ይሆናል። ከባሕር ዛፉ ሥር መሬቱ ራቁቱን ነው፤ ከደረቀ ቅጠልና ከተላጠ ቅርፊት በቀር ሣር እንኳ እምብዛም አያበቅልም። ጽድና ወይራ ወዳለበት የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ሲዘልቁ አፈሩ ይጠቁራል፣ ይለሰልሳል፣ ጥላውም ይቀዘቅዛል። ባሕር ዛፍ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። ተጓዡ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ሲደርስ አንድም ባሕር ዛፍ አላየም። በትዝታ ጽሑፎቻችን ግን ሽታው ከነገሥታቱ ዘመን የወረስነው ይመስል ይወደሳል። ልዩነቱን የሚያስተውለው ከአንዱ ጥላ ወደ ሌላው በእግሩ ያለፈ ሰው ነው።

ብሩስን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ሰውየው የሊማሊሞን ዳገት ስለወጣ ነው፤ ዳገቱም በገጾቹ ውስጥ ዳገት ሆኖ ይታወቃል። ከበቅሎ ጋር ሰሜንን አቋርጣ ጎንደር የገባችው አየርላንዳዊቷ ደርቭላ መርፊም እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተመችው መጽሐፍ እንዲሁ ናት። ባዕዳን ከእኛ የበለጠ አገሩን ያውቃሉ ማለቴ አይደለም፤ በእግራቸው ስለሄዱ ግን የሚነግሩን ነገር አላቸው።

ሌላው ጉድለት የወቅት ምርጫ ነው። ጋራው ሁልጊዜ መስከረም ነው፣ ሁልጊዜ አደይ ለብሷል። ሐምሌ የት ሄደ? በሐምሌ ከታረሰው ተዳፋት ቀይ ጎርፍ እየጋለበ ይወርዳል፤ ከአንገረብ ተፋሰስ የታጠበው አፈርም ለከተማዋ ውኃ በሚሰጠው ግድብ ውስጥ ይከማቻል። አደዩን እየለቀመ ጎርፉን የሚዘለው ጸሐፊ የወደደውን ኮረብታ ግማሹን ትቶታል።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን ሰው መጥፋቱ ነው። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የግጭ መንደር ነዋሪዎች ወደ ደባርቅ እንዲዛወሩ ተደረገ። ለዋልያው መጠበቂያ ይህ ያስፈልግ ነበር የሚሉ አሉ፤ ክርክራቸውም ክብደት አለው። ሆኖም ግጭን አልፈው ስለ ጅብራውና ስለ ጭላዳው ሲጽፉ፣ ያንን ሜዳ ገብስ ሲዘራበት ስለኖረ ገበሬ አንዲት ዐረፍተ ነገር መንፈግ ጭካኔ ነው።

የተሻለ ትዝታ አለን። አኮፋዳውን አንግቶ ከደብር ደብር የዞረ የቆሎ ተማሪ ስለ አንድ ተረተር ሲያወራ በየትኛው ደጅ ቁራሽ እንደሚሰጥ፣ የማን ውሻ ተናካሽ እንደሆነ፣ የትኛው ጅረት ክረምት ሲገባ እንደማያሻግር አብሮ ይናገራል። በእሱ ወሬ ውስጥ ኮረብታው ሰው አለበት፣ ረኀብ አለበት፣ ደግነትም አለበት። ይህን የሚያስታውሱ አረጋውያን ዛሬም በየደብሩ አሉ፤ ቀርቦ የሚጽፍላቸው ግን ጥቂት ነው። መጽሔቶቻችን ስለ ኮሶዬ አፋፍ ሌላ ጽሑፍ ከማተማቸው በፊት እነሱን ይጠይቁ።