ከበሮ ሲሰቀል

ከሥራ ወጥቶ፣ ታክሲ ተጋፍቶ፣ እራት ሳይቀምስ ለመዝሙር ጥናት የሚደርስ ወጣት ደመወዝ የለውም፤ ትራንስፖርቱም ከኪሱ ነው። የሰንበት ትምህርት ቤት መዘምራን ነገር ይገርመኛል። ጥር 10 ለከተራ አምረው ሲወጡ ሁሉም ያደንቃቸዋል። ከበሮ መቺዋ በአንድ እጇ ሰፊውን፣ በሌላው ጠባቡን ፊት እየመታች እንደ ምሰሶ ሁሉን ትሸከማለች።

እኔ ግን የምወዳቸው በዐቢይ ጾም ነው። 55 ቀን ከበሮው ይሰቀላል፣ ጭብጨባውም ይቀራል። ድምፅ ብቻውን ሲቀር፣ በበዓል ከበሮ የሸፈነለት ሁሉ ይጋለጣል (ከንፈሩን ብቻ የሚያንቀሳቅስም አይጠፋም)። መሪዋ ታስቆማለች፤ ያቺው አንዲት ስንኝ እንደገና፣ አሁንም እንደገና።

ከመካከላቸው አንዱ ሲያዝን ቀድመው የሚደርሱት፣ ሲያገባም በዝማሬ የሚያጅቡት እነሱው ናቸው። ሙሽራው ታዲያ ከጥናት እንዳይቀር እዚያው ይነገረዋል።