ፊልሙ መብራት ሲሆን

ጃፓናዊው ፎቶግራፈር ሂሮሺ ሱጊሞቶ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ትልቅ ካሜራ ይዞ ኒውዮርክ፣ ኢስት ቪሌጅ ውስጥ ወደነበረ ርካሽ ሲኒማ ቤት ገባ። ፊልሙ ሲጀምር የካሜራውን መዝጊያ ከፈተ፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ ፊልሙ ሲያልቅ ዘጋው። ያንኑ ምሽት ኔጌቲቩን ሲያጥብ ተዋናዮቹም ታሪኩም አልነበሩም። በስክሪኑ ቦታ የቀረው አንድ የሚያበራ ነጭ አራት ማዕዘን ብቻ ነበር። «ቲያትሮች» የተባለው ረጅም የጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ሥራው የተወለደው ከዚህ ሙከራ ነው።

ስለዚህ ነጭ ብዙ ተብሏል። ባዶነት ነው፣ የዜን ቡድሂዝም ጽሞና ነው የሚሉ አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ሲኒማ በሰከንድ 24 ምስል ያሳልፋል፤ የሁለት ሰዓት ፊልም እንግዲህ 172,800 ምስል ነው። ይህ ሁሉ በአንድ ኔጌቲቭ ላይ ተደራርቦ ሲነጣ ባዶ ሊባል አይችልም፤ ሞልቶ የፈሰሰ ነው። ሱጊሞቶ ራሱ እንደታዘበው ደግሞ ደስ የሚል ታሪክ ስክሪኑን ያደምቀዋል፤ ሐዘን የበዛበት ያደበዝዘዋል። ታሪኩ ወደ ብርሃን መጠን ተመነዘረ እንጂ አልጠፋም።

ብርሃኑ የሚሠራውን ለማየት ግን ዓይንን ከስክሪኑ አንስቶ ወደ ግድግዳው መውሰድ ያስፈልጋል። በ1980 በኦሃዮ የተነሳውን የ«ካንተን ፓላስ» ሲኒማ ቤት ፎቶ እንመልከት። ቤቱን በ1926 የሠራው አርክቴክቱ ጆን ኤበርሰን ነው። ኤበርሰን ተመልካቹ ጣሪያ ሥር መቀመጡን እንዲረሳ ይፈልግ ነበር፤ ስለዚህ የአዳራሹን ግድግዳ የሜዲትራንያን አገር ቤቶች ፊት አስመስሎ፣ ጣሪያውን ደግሞ ኮከብ የሚያበራበትና ደመና የሚያልፍበት ሰማይ አድርጎ ሠራው። ይህ ሁሉ የሚያምረው ፊልሙ እስኪጀምር ነው፤ ከዚያ መብራት ይጠፋል፣ የሰውም ዓይን ወደ ስክሪኑ ይሄዳል። በፎቶው ላይ ግን ከነጩ አራት ማዕዘን የወጣው ብርሃን በስክሪኑ ዙሪያ ያለውን ቅስትና የግድግዳውን ጌጥ አንድ በአንድ እየዳሰሰ፣ እየራቀ ሲሄድም እየሳሳ ወደ ጨለማ ይገባል። ሱጊሞቶ ሌላ መብራት አላስገባም። ቤቱን የገለጠው ሰውን ከቤቱ ያዘናጋው ያው ፊልም ነው።

ያን ያህል ጌጥ ለምን አስፈለገ? የዚያ ዘመን ሲኒማ ቤቶች መልካቸውን የወረሱት ከመድረክ ነው። ዘፈን፣ ጭፈራ፣ ቀልድና ምትሃት በአንድ ምሽት የሚፈራረቁበት ቮድቪል የራሱ ቤቶች ነበሩት፤ ፊልምም መጀመሪያ በነዚሁ ቤቶች ከትርኢቶቹ መካከል እንደ አንዱ ተራ ይጠብቅ ነበር። በኋላ እንግዳው ባለቤት ሆነ። በሱጊሞቶ ፎቶዎች ላይ በስክሪኑ ዙሪያ ያለው ቅስት የአስተናጋጁ የቮድቪል ቅሪት ነው።

ሥራው በቀለም ቢሆን ኖሮ ይህን የብርሃን ሥራ አናይም ነበር ባይ ነኝ። ወርቅ ቅቡና ቀይ ከፋዩ ቀድመው ዓይናችንን ይይዙታል። በጥቁርና ነጭ ግን ወርቅ ቅብና ተራ ጄሶ እኩል ይቆማሉ፤ ልዩነታቸው ብርሃኑ ምን ያህል ደረሳቸው የሚለው ብቻ ነው።

ከአሥርት ዓመታት በኋላ ሱጊሞቶ ወደተተዉ ቲያትሮች ሄደ። አንዱ ኒዋርክ፣ ኒው ጀርሲ ያለው «ፓራማውንት» ነው፦ በ1886 ለመድረክ ትርኢት የተከፈተ፣ በኋላ ሲኒማ የሆነ፣ በ1986 የተዘጋ። ፕሮጀክተር ስለሌለ ስክሪኑንም ፊልሙንም ይዞ መግባት ነበረበት፤ ፊልሙንም የመረጠው ራሱ ነው። ፎቶው እጅግ ያምራል፤ ቅሬታዬም ከዚያ ይጀምራል። ፍርስራሽ በቀላሉ ያምራል። በካንተን ቤቱ የበራው በገዛ ሥራው ላይ ሳለ ነው፤ አርቲስቱ የመረጠው መዝጊያውን የሚከፍትበትንና የሚዘጋበትን ቅጽበት ነበር። በኒዋርክ ብርሃኑ ለቀብር እንደተገዛ ሻማ ከውጭ የመጣ ነው።

ሆኖም ከዚህ ፎቶ ፊት ቶሎ መነሳት አልተቻለኝም። ጄሶው ተልጧል፣ ጌጡ ተሸራርፏል፤ ብርሃኑ ግን ካንተን ላይ እንዳየነው ሁሉ በስብራቱም ላይ እኩል ያርፋል። ቅስቱ አሁንም ቆሟል።